የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ልምምድ የወጣሁበት የጥብቅና ቢሮ ዌብሳይትና ቲክቶክ አስረከበኝ። ይጠቅመኛል ወይስ እየተበላሁ ነው?

አራተኛ_ዓመት፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ሊረዝም ነው ታገሱኝ። አራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ለሦስት ወር ልምምድ አንድ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ገብቻለሁ፣ ሦስት ጠበቆችና አንዲት ጸሐፊ ናቸው ያሉት። ስገባ ያሰብኩት መዝገብ አገላብጣለሁ፣ ክስ አረቃለሁ፣ ችሎት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ ምናምን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ጠራኝና «አንተ ልጅ ነህ፣ ኢንተርኔት አይከብድህም፣ ዌብሳይቱንም ፌስቡኩንም ቲክቶኩንም ተረከብ፣ ሰው ጎግል ላይ ሲፈልገን አያገኘንም» ብሎ ፓስወርዶቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ከዛ ወዲህ ፍርድ ቤት የሄድኩት ሁለቴ ነው፣ አንዱንም ቪዲዮ ምንቀርፅበት በር ለመምረጥ።

ሥራው ምን መሰላችሁ፣ በሳምንት ሁለት ጽሑፍ ዌብሳይቱ ላይ፣ በየቀኑ አንድ ፖስት፣ ኢንቦክስ መመለስ፣ አልፎ አልፎ ቪዲዮ መቆራረጥ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ሰባት ሰው ነው ያየው፣ ከሰባቱ አራቱ እኔው ነኝ ከተለያየ ስልክ።

አሁን ደሞ የመጣው ነገር አስፈራኝ። የፊት ገጹ ላይ «ቁጥር አንድ ጠበቆች፣ ጉዳይዎን እናሸንፋለን» ብለህ ጻፍ አለኝ። ቀጥሎ ደሞ «አስር ጓደኞችህን አምስት አምስት ኮከብ አሰጥልኝ» አለ። ጓደኞቼ'ኮ የቢሮውን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ግራ ገብቶኝ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ሁሉ ስመረቅ ሲቪዬ ላይ ሚጻፍ ነው ወይስ ሚደበቅ? የክፍሌ ልጆች ምስለ ችሎት ሲወዳደሩ እኔ ሃሽታግ እመርጣለሁ፣ እየሳቁብኝ ነው። ደሞስ ኮከቡና ቁጥር አንዱ ሚያስጠይቅ ከሆነ ሚጠየቀው እሱ ነው እኔ? የሙያ ሥነ ምግባር ኮርስ ወስደናል ግን ስለ ማስታወቂያ ያወራነው ግማሽ ክፍለ ጊዜ ቢሆን ነው፣ እሱም ጋዜጣ ላይ ስለሚወጣ ማስታወቂያ።

ደረቅ_መዝገብ፦

ወንድሜ አልተበላህም፣ ግን ገና እየበላህም አይደለም። ያንን ሰባት ሰው ያየውን ጽሑፍ ርዕሱን እስቲ እዚ ጻፍልን።

አራተኛ_ዓመት፦

«የኑዛዜ ጽንሰ ሐሳብ፣ ዓይነቶቹና ሕጋዊ ውጤቱ»

ደረቅ_መዝገብ፦

ሃሃሃ ይሄማ የፈተና ጥያቄ ነው። አትቀየመኝ እኔም እንዲ ነበር ምጽፈው።

እስቲ ሰውየውን አስበው። አባቱ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ከእህቱ ጋር መነጋገር አቁመዋል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ስልኩን አንስቶ ይጽፋል። «የኑዛዜ ጽንሰ ሐሳብ» ብሎ ሚጽፍ ይመስልሃል? «አባቴ ሳይናዘዝ ሞተ ቤቱ ለማን ነው» ነው ሚለው። ወይ ደሞ «እህቴ ቁልፉን አልሰጥም አለች»። ይሄን ሰው ያንተ ጽሑፍ ውስጥ መልሱ ቢኖርም አያገኘውም፣ ቢያገኘውም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ትቶት ይሄዳል።

ጥብቅና ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከዛ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንዳንተ የቢሮውን ዌብሳይት ምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ያዋጣኝን ነገር ልንገርህ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጥኩና ስልክ የደወለ ሰው ሁሉ የተናገራትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዳለች ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሳላስተካክል። «ባለቤቴ ቤቱን በስሙ ብቻ አዛውሯል»፣ «ደሞዜን ይዞ አባረረኝ»፣ «ፈርሜያለሁ ግን አላነበብኩትም» እንዲ እንዲ እያለ። በአንድ ቀን አስራ ምናምን ርዕስ ሰበሰብኩ። ከዛ እያንዳንዷን እንደ ርዕስ አድርጌ ጻፍኩባት፣ የመጀመሪያ ሁለት መስመር ላይ ቀጥተኛ መልስ፣ ከዛ «ግን እንዲህ ከሆነ መልሱ ይለያል» ሚለው፣ መጨረሻ ላይ ጠበቃ ጋር ሲመጣ ይዞ ሚመጣው ወረቀት። አለቀ። ወደ መግቢያ መቅድም መሄድ የለም፣ የሮማ ሕግ ታሪክ የለም።

ይሄን ምነግርህ ለጎግል ብቻ ብዬ አይደለም። ነገ ጠበቃ ስትሆን ባለጉዳዩ ፊትህ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃ ሚያወራህ ስለ ሕግ አይደለም፣ እህቱ በልጅነቱ ምን እንዳደረገችው ነው። አንተ ነህ ከዛ ውስጥ ነገሩን አውጥተህ አንቀጽ ምታለብሰው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ምስለ ችሎት ላይ ነገሩ ተነጥሮ ታስሮ ነው ሚሰጥህ፣ እዚ ግን ከነጭቃው ነው ምታገኘው። ጓደኞችህ ይሳቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ቀን ጻፍበት፣ ያየውን ጠበቃም ስም ጻፍበት። ሕግ ይቀየራል። ስለ ይርጋ፣ ማለት ስለ ክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ የጻፍካት አሮጌ ጽሑፍ ሕጉ ከተቀየረ በኋላ እዛው ተንጠልጥላ ብትቀር አንድ ሰው «ገና ጊዜ አለኝ» ብሎ መብቱን ሊያጣባት ይችላል። አንተ ጽፈህ ረስተሃታል፣ እሷ ግን አልሞተችም።

ሰርች_ነገር፦

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ለጥብቅና ቢሮዎች ዌብሳይት መሥራትና በሰርች ማሳደግ ነው ሥራዬ። ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ ከቴክኒኩ በኩል ልጨምር።

አለቃህ ነገ ከነገወዲያ «በቃ ጎግል ላይ በገንዘብ እናስተዋውቅ» ይልሃል ጠብቅ። ጎግል ማስታወቂያ በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ አሠራሩ ጨረታ ነው። አንድ ቃል ላይ ቢሮዎች ይጫረታሉ፣ ሰው በነካው ቁጥር ትከፍላለህ፣ ደንበኛ ሆነ አልሆነ አይመለከተውም። በዓለም ላይ በጣም ውድ ከሚባሉት ቃላት ውስጥ የጠበቃ ቃላት አሉበት። አሜሪካ ውስጥ ሜሶቴሊዮማ ሚባል ካንሰር አለ፣ አስቤስቶስ ከሚባል ማዕድን ብናኝ ጋር ተያይዞ ሚመጣ፣ የካሳ ክስ ይቀርብበታል። የዛ በሽታ ስም «ጠበቃ» ከሚለው ጋር ሲጻፍ አንድ ክሊክ ብቻ በመቶዎች ዶላር የተጫረተበት ጊዜ አለ። ለምን ካልክ የካሳው ገንዘብ ትልቅ ነው፣ ጠበቃው ደሞ ሚከፈለው ከካሳው በመቶኛ ነው፣ ስለዚ አንድ ደንበኛ ካገኘ ለሺህ ክሊክ የከፈለውን ይመልሳል። እናንተ ሦስት ጠበቃ ያላችሁ ቢሮ እዛ ሜዳ ላይ ከትልልቆቹ ጋር ብትገቡ የወሩን ባጀት በሁለት ቀን የቤት ሥራ ሚፈልግ ተማሪና የተፎካካሪ ቢሮ ሠራተኛ ነክቶ ይጨርስላችኋል።

ትንሽ ቢሮ ሚያዋጣው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከላይ የተባለው ረጅም ጥያቄ ነው፣ «ጠበቃ» ሚለው ቃል ላይ ሺህ ሰው ይሻማል፣ «ፈርሜያለሁ ግን አላነበብኩትም» ላይ ግን ማንም የለም። ሁለተኛው ካርታው ነው፣ ሰው ሰፈሩ ያለ ጠበቃ ሲፈልግ ካርታው ሥር ሚመጡት ቢሮዎች። እዛ መዝገብ ላይ አድራሻው ስልኩ የሥራ ሰዓቱ ዌብሳይቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ይሄ ምንም ብልሃት የለውም፣ ግን ከማያቸው ቢሮዎች ግማሾቹ የድሮ ስልክ ቁጥር ነው ያላቸው እግዜር ያሳያችሁ፣ ደንበኛው ይደውላል አይነሳም ይሄዳል።

ደሞ ጎግል የገጽ ጥራት ሚገመግሙ ሰዎች ሚሠሩበት መመሪያ አለው፣ እዛ ውስጥ ጤና ገንዘብና የሕግ ነክ ነገር «ገንዘብህ ወይም ሕይወትህ» በሚባል ክፍል ነው ሚመደቡት። ስህተቱ ሰው ስለሚጎዳ ጠበቅ ያለ መስፈርት ነው ያለው፣ ማን ጻፈው ምን ያህል ያውቃል ሚል። ስለዚ የጠበቃው ስም ይጻፍበት ያለው ልጅ ለሕሊናም ለሰርችም ሚሆን ነገር ነው የነገረህ።

በመጨረሻ፣ ያ ብጣሽ ወረቀት። አሁኑኑ ቅደደውና ፓስወርዶቹን ቀይር፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ አድርግበት። የዶሜን ስሙ፣ ማለት የዌብሳይቱ አድራሻ፣ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበም እይ። አንድ ቢሮ አውቃለሁ ዌብሳይቱን የሠራላቸው ድርጅት ዶሜኑን በራሱ ስም አስመዝግቦት ሲጣሉ ለአምስት ዓመት የጻፉትን ሁሉ ይዞባቸው ቀረ። ጠበቆች ናቸው'ኮ፣ ውሉን ሳያነቡ የፈረሙት እነሱ ናቸው። «አንደኛ ገጽ ላይ አወጣችኋለሁ ዋስትና እሰጣለሁ» ሚልም ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት፣ ጎግል ራሱ ማንም አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ብሎ ጽፏል።

ፈጣን_ልጅ፦

ምን አስጨነቃችሁ ቻትጂፒቲን ጻፍልኝ በሉት በቀን ሃያ ጽሑፍ ይወጣል ሃሃ ልጁም ችሎቱ ይሂድ

ደረቅ_መዝገብ፦

@ፈጣን_ልጅ ኒውዮርክ ውስጥ እንዳንተ ያሰቡ ሁለት ጠበቆች ነበሩ። አንድ መንገደኛ አቪያንካ ሚባለውን አየር መንገድ ከሶ ጠበቆቹ ባቀረቡት ክርክር ላይ የጠቀሷቸው ውሳኔዎች ውስጥ በርካቶቹ በዓለም ላይ የሌሉ ሆነው ተገኙ፣ ቻትጂፒቲ ነው የፈጠራቸው። ከነዳኛው ስም ከነመዝገብ ቁጥሩ። በፈረንጆቹ 2023 ላይ ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ገንዘቡ ምንም አይደለም፣ ስማቸው ግን እስከዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት ምሳሌ ነው። ፍርድ ቤት ቢያንስ ተቃራኒ ወገን አለ፣ ውሳኔውን ፈልጎ «የለም» ሚል። ዌብሳይት ላይ ማን ይልሃል? ሰውየው አምኖ ይሄዳል እንጂ።

ረቂቅ አውጣልኝ፣ ርዕስ አማርጠኝ በለው፣ ችግር የለም እኔም አደርጋለሁ። አንቀጽ ቁጥርና ውሳኔ ግን ከሕጉ ገጽ ላይ በዓይንህ ሳታይ እንዳትለጥፍ።

ጋሽ_ነገረፈጅ፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ችሎት የቆምኩባቸውን ዓመታት መቁጠር ትቻለሁ፣ ይሄንን ነገር ሳነብ ዝም ማለት አልሆንልህ አለኝ።

እኛ በተማርንበት ጊዜ ጠበቃ ራሱን አያስተዋውቅም ነበር። ነውር ነበር። ደሞ የእኛ ብቻ አይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ የጠበቆች ማኅበራቸው በፈረንጆቹ 1908 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ማስታወቂያን ከልክሎ ለሰባ ዓመት ያህል ቆይተዋል። እንግሊዝ አገር ሶሊሲተር የሚባሉት ጠበቆች እስከ 1984 ድረስ ማስታወቂያ ማውጣት አይችሉም ነበር። የአሜሪካው የፈረሰው በሁለት ወጣቶች ነው። አሪዞና ውስጥ ቤትስ እና ኦስቲን የሚባሉ ጠበቆች መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሆን ቢሮ ከፈቱ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ደንበኛ ካልመጣ አያዋጣም፣ ስለዚህ በ1976 ጋዜጣ ላይ ለፍቺ ይህን ያህል፣ ለስም ማስቀየር ይህን ያህል ብለው ዋጋቸውን አወጡ። የጠበቆች ማኅበሩ ቀጣቸው፣ እነሱ ይግባኝ እያሉ እስከ ላይ ወጡ፣ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ እውነተኛ ማስታወቂያ በደፈናው አይከለከልም አለ። ልብ በሉ፣ «እውነተኛ» ነው ያለው። የሚያሳስት ከሆነ ይከለከላል።

በዓመቱ በ1978 ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጣ። አንድ ጠበቃ በመኪና አደጋ የተጎዳች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆስፒታል አልጋዋ ድረስ ሄዶ አስፈረማት። ያንንስ መከልከል ይቻላል ተባለ። በ1995 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ አደጋ ከደረሰ እስከ 30 ቀን ለተጎጂውና ለቤተሰቡ ጠበቃ ደብዳቤ እንዳይልክ የሚከለክለው ደንብ ጸና። አሁን ያ ልጅ ፌስቡክ ላይ አደጋ ሲለጠፍ ከሥር ገብቶ «ካሳ ለማግኘት ይደውሉልን» ብሎ ቢጽፍ ከሆስፒታሉ አልጋ በምን ይለያል? እኔ አይታየኝም።

ህንዶች እስከዛሬ አጥብቀው ይዘዋል። ዌብሳይት የተፈቀደላቸው በ2008 ነው፣ እሱም ስም፣ አድራሻ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የትምህርት ማስረጃና የሚሠሩበት ዘርፍ ብቻ። የጥብቅና ቢሮዎቻቸውን ገጽ ብትከፍቱ ገና ሳትገቡ «ይህ ማስታወቂያ አይደለም፣ በራሴ ፈቃድ ነው የመጣሁት» የሚል ላይ እሺ በሉ ይላችኋል። በ2024 ደግሞ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠበቃን እንደ ዕቃ ደርድረው ኮከብ እየሰጡ የሚያቀርቡ ገጾች ላይ እርምጃ ይወሰድ ብሎ የህንድን የጠበቆች ምክር ቤት አዘዘ። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ።

«ቁጥር አንድ» የሚለውንስ ማን ቆጠረ? ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይህ ነው። ልጄ፣ አለቃህን በትሕትና ንገረው፣ አንተ እንደሆንክ ገና መሐላ አልፈጸምክም።

ይግባኝ_ባይ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚ ላይ ይግባኝ እላለሁ። እርስዎ በነበሩበት ጊዜ ጠበቃ አያስተዋውቅም ነበር አይባልም፣ ጋዜጣ ላይ አያስተዋውቅም ነበር ነው ሚባለው። ደንበኛው በአባት ስም፣ በአማች፣ በትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር ሚመጣው። ያ ሁሉ የሌለው ሰው በር ላይ ስሙን ለጥፎ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔ ማንንም ሳላውቅ ነው ቢሮ የከፈትኩት፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የመጣችው ስለ ልጅ ቀለብ ከጻፍኳት አንዲት ገጽ ነው፣ ፕሪንት አድርጋው በእስክሪፕቶ አስምራበት ይዛው መጣች። «ይሄ መስመር እኔን ነው» አለችኝ። ክልከላው ቢኖር ኖሮ እሷም መብት እንዳላት ሳታውቅ ትቀር ነበር እኔም ቢሮዬን እዘጋ ነበር። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ግን አንድ ነን፣ ሰው ደንግጦ እያለቀሰ ውል ማስፈረም ነውር ነው፣ በኮሜንትም ይሁን በእግር።

ወደ ልጁ ልመለስ፣ ማንም ያልነካው ነገር ስላለ። ኢንቦክሱ።

@አራተኛ_ዓመት ከሥራህ ሁሉ አደገኛው እሱ ነው፣ ከቁጥር አንዱም ከኮከቡም በላይ። እኔ ተቀጥሬ እሠራበት በነበረ ቢሮ የሆነውን ልንገርህ። አንድ እንዳንተ ልምምድ የወጣ ልጅ ጠዋት ኢንቦክስ ይከፍታል፣ አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትጽፍ አድራለች፣ አስራ አንድ መልዕክት፣ ፎቶ ሁሉ አለበት። ባሏ ንብረት እንዴት እንዳሸሸ፣ እሷ ራሷ ምን እንደደበቀች፣ ምን ያህል ቢሰጣት እንደምትስማማ ሳይቀር። ልጁ ምስኪን አዝኖ «አይዞሽ እናግዝሻለን» ብሎ መለሰላት። ከሰዓት በኋላ ስሟን ለጠበቃው ሲነግረው ባልየው ለካ የቢሮው ደንበኛ ነው፣ ሦስት ወር ሆኖታል። አሁን ቢሮው የተቃራኒ ወገንን ምስጢር በእጁ ይዟል፣ እሷ ደሞ «ጠበቃዬ ናችሁ» ብላለች፣ ልጁም አላስተባበለም። መጨረሻው ቢሮው ሁለቱንም ትቶ ወጣ፣ ባልየውም ለሦስት ወር የከፈለውን ይመለስልኝ ብሎ ሌላ ጣጣ። ልጁን ማን አስተማረው? ማንም። ፓስወርድ ነው የሰጡት።

ደንበኛ ያልሆነ፣ ሊሆን አስቦ ያማከረ ሰው የነገረህም ነገር ምስጢር ሆኖ ሚጠበቅበት አገር ብዙ ነው፣ የአሜሪካኖቹ የጠበቆች ማኅበር ሞዴል የሥነ ምግባር ደንብ ለዚ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ስለዚ ዛሬውኑ አውቶማቲክ መልስ አስገባ፣ «ጉዳይዎን እዚህ አይጻፉ፣ ስምዎንና የተቃራኒ ወገንን ስም ብቻ ይላኩ፣ ይህ መልዕክት የጠበቃና የደንበኛ ግንኙነት አይፈጥርም» ሚል። ስሞቹን ከመዝገቡ ጋር ካስተያያችሁ በኋላ ነው ወሬ ሚጀመረው። ኮሜንት ላይ «የኔ ጉዳይ እንዲ ነው ምን ላድርግ» ሚልም አትመልስ። ፈቃድ የለህም፣ ለአንድ ሰው የተለየ ጉዳይ ምክር መስጠት ደሞ የጥብቅና ሥራ ነው።

ኮከቡን በተመለከተ፣ የውሸት አስተያየት ውሸት ነው በቃ፣ ማስታወቂያ የተፈቀደበት አገር ሁሉ የፈቀደው ሚያሳስት እስካልሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በፈረንጆቹ 2024 የውሸት አስተያየት መግዛትና መሸጥን በግልጽ ሚከለክል ደንብ አውጥቷል፣ ለጠበቃ ብቻ ሳይሆን ለማንም ነጋዴ። ሚጠየቀው ማነው ላልከው፣ በብዙ ቦታ ጠበቃ ከሥሩ ያለ ሰው በሱ ትዕዛዝ ለሠራው ይጠየቃል፣ የዲሲፕሊን መዝገቡ ሚከፈተው በሱ ስም ነው። ግን አንተስ ነገ ፈቃድ ስትጠይቅ ጠባይህ ይጣራ የለ? «ታዝዤ ነው» ብለህ ልትጀምር ነው?

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ ደሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ኢሊኖይ ውስጥ አንዲት ጠበቃ ያሰናበታት ደንበኛ አቮ ሚባል ገጽ ላይ ክፉ አስተያየት ሲጽፍባት ተናዳ መልስ ሰጠች፣ መልሱ ውስጥ ግን ደንበኛዋ የሥራ ባልደረባውን መደብደቡን ጨምራ አወጣች። 2014 ላይ ተግሣጽ ተፈረደባት። እሱ ስሟን ቢያጠፋም ምስጢሩ የሱ ነው። አንተ መልስ ጻፍ ከተባልክ «አስተያየትዎን አይተናል፣ እባክዎ በቢሮ ስልክ ያግኙን» ብለህ ዝም። ደንበኛችን ነበሩ ማለት ራሱ ምስጢር ሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለአለቃህ ባዶ እጅህን ገብተህ «አይቻልም» አትበለው፣ አለቃ እንዲ አይወድም። ሌላ ዓረፍተ ነገር ይዘህ ግባ። «ቁጥር አንድ» ሚለውን አውጥተህ «ከ2009 ጀምሮ በውርስና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ እንሠራለን» በለው፣ ዓመቱ የራሳችሁ ይሁን። ይሄ ሚረጋገጥ ነገር ነው፣ ደንበኛም እሱን ነው ሚያምነው። ለኮከቡ ደሞ መዝገቡ ለተዘጋ እውነተኛ ደንበኛ ሁሉ ሊንኩን ላክ፣ ላሸነፈውም ለተሸነፈውም። አራት እውነተኛ አስተያየት ይበቃል።

ሰርች_ነገር፦

ሊንኩን ለሁሉም ላክ ያለችውን እደግፋለሁ፣ ጎግልም ደስ ያለውን ደንበኛ ብቻ መርጦ አስተያየት መጠየቅን ይከለክላል። በአንድ ቀን አስር አምስት ኮከብ ከአንድ ሰፈር ሲመጣም ሲስተሙ ያየዋል፣ እውነተኛዎቹንም አብሮ ሊያጠፋ ይችላል።

ደረቅ_መዝገብ፦

ሲቪውን ረሳነው። «ሶሻል ሚዲያ ማናጀር» ብለህ እንዳትጽፍ፣ ቀጣሪው ጠበቃ እዛው ላይ ይተውሃል። «በጠበቃ ክትትል ለሕዝብ የሚሆኑ ይህን ያህል የሕግ ጽሑፎች አዘጋጅቻለሁ» በል፣ ሁለቱን የተሻሉትን አያይዝ። ሰው ሚያነበው ጽሑፍ መጻፍ ሚችል ተመራቂ ብዙ አይደለም፣ እመነኝ ማመልከቻ አነባለሁ።

ደሞ ተደራደር። ስለ ውርስ ጻፍ ሲልህ «እሺ፣ ግን የተዘጋ አንድ የውርስ መዝገብ ላንብብ» በለው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መዝገብ። እሱ ምንም አይወጣበትም፣ አንተ በሦስት ወር ውስጥ ሃያ መዝገብ ከክስ እስከ ፍርድ አነበብክ ማለት ነው፣ ምስለ ችሎት የሄዱት ልጆች አንድ ነው የሠሩት። ከመዝገቡ ግን አንዲት ታሪክ ስም ቀይሬ ብለህ እንኳ ጽሑፍህ ውስጥ እንዳታስገባ፣ ሰው ራሱን ያውቃል።

አራተኛ_ዓመት፦

ይቅርታ ጠፋሁ፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼም ምክርዎ ደርሶኛል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ዓረፍተ ነገሩን ጽፌ ይዤ ገባሁ፣ አለቃዬ መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበውና «ቁጥር አንድ ሚለው ግን ያምር ነበር» ብሎ ፈቀደ። ኮከቡን በግድ ነው ያሳመንኩት፣ ያቺ የኢሊኖይዋ ጠበቃ ናት የረዳችኝ፣ ተግሣጽ ሚለውን ሲሰማ ዝም አለ። ቪዲዮው አልቀረልኝም፣ አሁንም እቀርፃለሁ።

የጸሐፊዋ አጠገብ የተቀመጥኩበት ቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ሃያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ሌላው ቀርቶ እሷ ራሷ «ይሄን ሁሌ ይጠይቁኛል» እያለች ከዱሮ ምታስታውሰውን ትጨምርልኝ ጀመር። የኑዛዜዋን ጽሑፍ ሙሉ ለሙሉ አፍርሼ «አባቴ ሳይናዘዝ ሞተ፣ ቤቱ ለማን ነው?» ብዬ ጻፍኳት፣ አንደኛው ጠበቃ አርሞ ስሙን አስገባበት። ሲያርም ሁለት ስህተት አገኘብኝ፣ አንዱ ፈተና ላይ ኤ ያገኘሁበት ነገር ነው።

ትናንት ስልክ ጮኸ፣ ጸሐፊዋ ወጥታ ነበር እኔ አነሳሁ። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰውዬ ናቸው። «ስለ ቤቱ የጻፈው ሰው አለ?» አሉኝ። ልቤ ዘለለ ልዋሻችሁ አልችልም። ወዲያው «እህቴ ቁልፉን...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጥኳቸው። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ጉዳዩን ከመንገርዎ በፊት የእርስዎን ሙሉ ስምና የእህትዎን ሙሉ ስም ብቻ ይንገሩኝ» አልኩና እስክሪፕቶ ፈለግኩ።